የከሰል ቆፋሪዎቹ የሕክምና እድር

የእንግሊዝን ነፃ ሕክምና ሎንዶን ያሉ ምሁራን ቁጭ ብለው የፈጠሩት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥሩ ግን ዌልስ ውስጥ ትሬዴጋር የምትባል የከሰል ከተማ ናት። ሠራተኞቹ እንደኛ እድር ዓይነት ማኅበር ነበራቸው፤ የነሱ ለቀብር ሳይሆን ለሕክምና ነው። ከደሞዛቸው ጥቂት ሳንቲም ይቆረጣል፣ ማኅበሩ ሐኪም ይቀጥራል፣ የታመመ ሳይከፍል ይታከማል። ቤተሰብም ጭምር። (ከሰል ቆፋሪ ሐኪም ሲቀጥር አስቡት!) በኋላ ከከተማው ሕዝብ 95 በመቶ ያህሉ ታቀፈበት። እ.ኤ.አ. የ1911ዱ የመንግሥት መድን ግን ሐኪም የሚያስገኘው ለሠራተኛው ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጆች ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ካጡም ይተዉታል።

እዚያው ተወልዶ በ13 ዓመቱ ጉድጓድ የገባው አናይሪን ቤቫን የጤና ሚኒስትር ሲሆን ያንኑ ለአገር ላድርገው አለ። ሐኪሞቹ አሻፈረን አሉ፤ በ1948 መጀመሪያ ድምፅ ሲሰጡ አብዛኞቹ ተቃወሙት። የመንግሥት ደሞዝተኛ አንሆንም ነው ነገሩ። ቤቫንም ብልጥ ነው፦ ስፔሻሊስቶቹ በግልም እንዲያክሙ ፈቀደ፤ የሰፈር ሐኪሞቹ ደግሞ በተመዘገበላቸው ሰው ቁጥር እንዲከፈላቸው ተስማማ። ጁላይ 5 ቀን 1948 ሥራው ሲጀመር ብዙ እናቶች ለዓመታት ደብቀው የኖሩትን ሕመም ይዘው መጡ።