ዒላማ በአጋዘን አደን
በሰሜን አሜሪካ የባለነጭ ጅራት አጋዘን አደን፣ የት ይመታ የሚለው ከተኩስ ችሎታ ይልቅ የኅሊና ጥያቄ ነው። (እኛ አገር አጋዘን የሚባለው ቀንዱን በየዓመቱ የማይጥል ሌላ ዘር ነው።) ተመራጩ ዒላማ ከፊት እግር ጀርባ ያለው የልብና የሳንባ ቦታ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ እጅ ጥቂት ቢዛነፍ እንኳ ጥይቱ ሳንባ ያገኛል፣ እንስሳውም ብዙ ሳይቆይ ይወድቃል። ጭንቅላቱን መምታት ፈጥኖ ይገድላል፣ ሥጋም አያበላሽም የሚሉ አሉ። ከተገኘ እውነት ነው። ግን አንጎሉ ትንሽ ነው፣ ጭንቅላቱም አያርፍም፤ ጥይቱ ትንሽ ዝቅ ካለ መንጋጋውን ሰብሮ ለረኃብ ሞት ይዳርገዋል። ጎኑን ሰጥቶ ካልቆመ አለመተኮስ ይሻላል። ከተኩሱ በኋላ ቅጠል ላይ የቀረ አረፋማ ደም ሳንባ መመታቱን ያሳያል፤ የሚሸት አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ግን የተመታው ሆድ ዕቃው ነውና አዳኙ ዱካውን የሚከተለው ሰዓታት ጠብቆ ነው።