ሕፃናቱን የሚጎበኛቸው ማን ነው?
የአካባቢ ምክር ቤትና የቅድመ መደበኛ ትምህርት አጭር ታሪክ፤ ከፍላቂት ሲታይ

ከወልዲያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ወረታ የሚዘልቀው መንገድ ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና መንግሥት ርዳታ የተሠራ በመሆኑ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በዚሁ መንገድ ላይ፣ በመቄት ደጋ፣ የወረዳው መቀመጫ የሆነችው ፍላቂት ትገኛለች። መንገዱ ቢናድ፣ ድልድዩ ቢሰነጠቅ ደብዳቤ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት፣ ኃላፊነት የሚወስድ መሐንዲስ አለ። ነገር ግን በመንገዱ ዳር ማለዳ ማለዳ በታላላቆቻቸው እጅ እየተሳቡ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት የሚውሉበት ክፍል ጣራው ቢያፈስ፣ የሚጠጡት ውኃ ቢጠፋ፣ መምህርታቸው ብትቀር ጠያቂው ማን ነው? ተጠያቂውስ?

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ አካባቢ አስተዳደርና ስለ ሕዝብ አገልግሎት ሕንፃዎች አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ጥያቄ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ እገልጻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጉዳዩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

፩. የደብሩ ዘመን

በአገራችን የሕፃናት ትምህርት ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት የነበረ መሆኑ የታወቀ ነው። በላስታና በአካባቢው ደጋዎች አንድ ልጅ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ወደ የኔታ ይላካል። ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ዳዊት ይደግማል። የገፋበትም ወደ ዋድላ ለቅኔ፣ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ወደ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ይወጣል። በወሎ ምድር በእስልምና በኩልም የቁርኣን ቤቶች ተመሳሳይ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል።

እኛን የሚመለከተን የትምህርቱ ይዘት ሳይሆን የአስተዳደሩ ሁኔታ ነው። የየኔታን ቀለብ የሚሰፍረው የሕፃኑ ወላጅ ነው። መምህሩ ቢያጠፋ ወይም ልጆቹን ያለ መጠን ቢቀጣ የሚሰማው የደብሩ አለቃና የአጥቢያው ሽማግሌ ነው። ማስተማሪያው ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ደጀ ሰላም ውስጥ በመሆኑ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ከፋዩም፣ ተመልካቹም፣ ጠያቂውም አንድ ኅብረተሰብ ነበር ማለት ይቻላል። ጉድለቱም የሚታወቅ ነው። ሴቶች ልጆች በአብዛኛው ከዚያ ውጭ ነበሩ። ከትምህርቱ ደጅ የቀረው ሕፃን ደግሞ በታላቅ እኅቱ ጀርባ ታዝሎ ይውል ነበር። ሞግዚትነት የልጃገረድ ሥራ እንጂ የአጥቢያው ጉዳይ አልነበረም።

በአውሮፓዊው መልኩ መዋዕለ ሕፃናት ወደ አገራችን የገባው፣ ባልደረቦቼን ደስ እንደሚያሰኝ አምናለሁ፣ የምህንድስና ሥራን ተከትሎ ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ በደረሰበት ዘመን ለፈረንሳውያን ሠራተኞች ልጆች የተከፈተው ቤት በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የመጀመሪያው ተደርጎ ይጠቀሳል። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት መዋዕለ ሕፃናት የውጭ አገር ሰዎችና የከተማ ባለጸጎች ልጆች ቤት ሆኖ ቆየ። ያን ጊዜ በመቄት ደጋ ላይ የነበረው ሕፃን ግን ከየኔታ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።

፪. ግብር ያለ ሸንጎ

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ትምህርትን ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ለማዳረስ ሲነሣ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ። ይህም በ1940 ዓ.ም. ነበር። ገንዘቡ በተሰበሰበበት አገር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ የአካባቢው የትምህርት ቦርድም እንዲመለከተው ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ ቦርዱ በሕዝብ የተመረጠ አልነበረም። ገበሬው ከፋይ ሆኖ ጠያቂ አልሆነም።

ይህን ለማቃናት በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጣ። በትእዛዙ መሠረት በየአውራጃው የተመረጠ ምክር ቤት ተቋቁሞ እንደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ እንደ ጤናና እንደ መጋቢ መንገድ ያሉትን ጉዳዮች ያስተዳድር ዘንድ ታቅዶ ነበር። ምክር ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው የገንዘብ ሕግ ግን በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ከፓርላማው አባላት ብዙዎቹ የመሬት ባለቤቶች እንደ ነበሩ ስናስብ ምክንያቱ አይሰወረንም። ትእዛዙም ወረቀት ላይ ቀረ። ሕፃናት በዚያ ትእዛዝ ውስጥ ለብቻቸው ባይነሡም፣ የእነርሱን ነገር ሊጠይቅ ይችል የነበረው የመጀመሪያው የተመረጠ የአካባቢ ሸንጎ ሳይወለድ የሞተው በዚህ ሁኔታ ነው።

በዚያው ጊዜ ዓለም ምን ይሠራ እንደ ነበር ጥቂት መመልከት ይጠቅማል። በሰሜን ኢጣልያ የሬጂዮ ኤሚልያ ከተማ ምክር ቤት የመጀመሪያውን የማዘጋጃ ቤት መዋዕለ ሕፃናት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ ወላጆች በገዛ እጃቸው ያቋቋሟቸውን ቤቶች ተከትሎ ከተማው ሥራውን ከነበጀቱ ተረከበ። ዛሬ ያ ከተማ በሕፃናት አያያዝ በዓለም የታወቀ ነው። እዚያ ወላጆቹ የጀመሩትን ምክር ቤቱ በገንዘብ አጸናው። እኛ ዘንድ ምክር ቤቱ ታወጀና ገንዘቡ ቀረ።

፫. የማኅበራት ዘመን

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋሙ። ቀበሌው ከተሰጡት ተግባሮች መካከል ከመንግሥት ጋር ተባብሮ የትምህርት፣ የጤና፣ የገበያና የመንገድ አገልግሎቶችን ማቋቋም ይገኝበታል። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቶችን ሕዝብ እንዲያስተዳድርና እንዲቆጣጠር የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። በ1970ዎቹም የሕፃናት ኮሚሽን ተመሠረተ። በእነዚህ ዓመታት ቀበሌዎች የከፈቷቸው መዋዕለ ሕፃናት ቀድሞ ከነበሩት ጋር የሚነጻጸሩ አልነበሩም። የሠራተኛ ልጅ፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ፣ የዘበኛው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ደጅ ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። መዋዕለ ሕፃናቱ የበረከቱት በከተማ ነው፤ በገጠር እምብዛም አልነበሩም። ምክንያቱ የገበሬው ፍላጎት ማነስ አይመስለኝም። የከተማው ቀበሌ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ያስተዳድር ስለ ነበር በየወሩ የሚገባ የራሱ ገንዘብ ነበረው። ከዚያ ለሞግዚት ደመወዝ ይከፍላል፣ ጣራ ያድሳል። የገበሬ ማኅበሩ ግን እንዲህ ያለ ቋሚ ገቢ አልነበረውም፤ በላዩም ላይ የመዋጮ፣ የኮታና የዘመቻ ግዴታ ነበረበት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው። ሆኖም ሃምሳው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሌላ ሸክም ከተሸከመ ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል።

የ1977ቱ ረሃብ ደግሞ የላስታን፣ የመቄትንና የዋድላን ደጋዎች በብርቱ መታ። ብዙ ሕፃናት አለወላጅ ቀሩ። ልጅን የማሳደግ ነገር የአንድ ቤት ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ያ ዓመት በመራራ መንገድ አስተማረ። አጥቢያውና ማኅበሩ ከአቅማቸው በላይ በሆነበት ጊዜ ሕፃኑን የደረሰለት የርዳታ ድርጅት ነበር። ርዳታው ሲያበቃ ግን የሚረከብ የአካባቢ ተቋም በቦታው አልተዘጋጀም ነበር።

፬. ወረዳው በጀት ሲረከብ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን የትምህርት እርከን አድርጎ ቢቀበለውም፣ ሥራው በተግባር ለግል ባለሀብቶች፣ ለእምነት ተቋማትና ለበጎ አድራጊ ድርጅቶች ተተወ። ከዚህ የተነሣ መዋዕለ ሕፃናት እንደገና የከፋይ ልጅ ቤት ሆነ። ፍላቂትን በመሰሉ ትንንሽ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ለዚህ የሚከፍል ወላጅ ከየት ይመጣል?

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የወረዳ ምክር ቤቶችን አጠናከረ። የክልሉ መንግሥትም በጀትን በጥቅሉ ለወረዳዎች ማከፋፈል ጀመረ። የተመረጠ የወረዳ ምክር ቤት በጀት የማጽደቅ ሥልጣን አገኘ፤ በቀበሌ ደረጃም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጅ መምህር ኅብረት ተቋቋሙ። የ1958ቱ ትእዛዝ ሐሳብ ከ36 ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። ችግሩ ከበጀቱ አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል መሆኑ ነው። ለጥገና፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለውኃ የሚተርፈው ጥቂት በመሆኑ ምክር ቤቱ የሚወስነው ነገር ያንኑ ያህል ጥቂት ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ዜሮ ክፍል» የሚባለው የአንድ ዓመት ዝግጅት ተጀመረ። በዚህም የቅድመ መደበኛ ትምህርት ጥቅል ተሳትፎ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 5 ያህል ከነበረበት በ2007 ዓ.ም. ከመቶ 39 ገደማ ደረሰ። በአራት ዓመት ይህን ያህል መራመድ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሕፃናቱ የገቡት ለእነርሱ በተሠራ ቤት አይደለም። ለታላላቆቻቸው ከተሠራው ሕንፃ አንድ ክፍል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ክፍል ተለቀቀላቸው። የተመደበችው መምህርትም ብዙ ጊዜ ለዚህ ዕድሜ አልሠለጠነችም። በወረዳው በጀት ውስጥም «ዜሮ ክፍል» የራሱ መደብ ስለሌለው የምክር ቤቱ አባል ሊጠይቅለት ቢፈልግ እንኳ የሚጠይቅበትን መስመር አያገኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ፈረሱም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የ2015ቱ አዲስ ፖሊሲ የሁለት ዓመቱን የቅድመ አንደኛ ትምህርት የሥርዓቱ መነሻ ባደረገበት ዓመት ብዙ የክልሉ ሕፃን የትምህርት ቤት ደጅ ተዘጋበት።

፭. አንድ የግል ማስታወሻ

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳቆየሁት ምክንያት ልመለስ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ ከፍላቂት እምብዛም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ለዜሮ ክፍል ተብሎ የተሠራ አንድ ቤት ተቆጣጥሬ ነበር። መሠረቱ ጠንካራ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ቆርቆሮው በወጉ የተመታ ነበር። በርክክቡ ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ ፊርማ ሊፈረም ሲል ከወላጆች አንዷ፣ አዛውንት ሴት፣ ወደ ውስጥ ገብተው ዙሪያውን ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህን ቤት የሠራኸው ለማን ነው?» አሉኝ። «ለሕፃናቱ ነው፣ እናቴ» አልኋቸው። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው መስኮቱ ሥር አቆሙት። የመስኮቱ ደፍ ከመሬት 1 ሜትር ከ10 ነበር፤ የልጁ ቁመት አንድ ሜትር ያህል። ከሰማይ በቀር የሚታየው ነገር አልነበረም። ሰሌዳውም፣ የበሩ እጀታም፣ የደረጃው ከፍታም፣ የመጸዳጃው ቀዳዳም ለአዋቂ የተለኩ ነበሩ። ያዘዝኩት የተለመደውን የአንደኛ ደረጃ ፕላን ነበር፤ አንድም ቁጥር አልቀነስኩም። ስሕተቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነበር።

እኝህ ሴት ፕላን ማንበብ አይችሉም፤ የምክር ቤት አባልም አልነበሩም። ነገር ግን ከኮሚቴው ሁሉ በተሻለ ቁጥጥር አደረጉ። ያሳዘነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ማስተካከያ የሚደረግበት ገንዘብ ስላልነበረ ርክክቡ እንደ ነበረ ተፈረመ። እኔም ፈረምሁ።

፮. ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ በአጭሩ የሚያሳየን ይህን ነው። በደብሩ ዘመን ከፋዩና ጠያቂው አንድ ስለነበሩ ሥርዓቱ ጠባብ ቢሆንም ጸና። በ1940 ግብር ነበረ፣ ሸንጎ አልነበረም። በ1958 ሸንጎ ታወጀ፣ ገንዘብ አልተፈቀደም። በ1967 የጸናው ኪራይ የነበረው ቀበሌ ብቻ ነው። ከ1994 ወዲህ ሸንጎውም በጀቱም አሉ፤ የጎደለው ለሕፃናቱ የተለየ የበጀት መደብና ምክር ቤቱ የሚለካበት መለኪያ ነው።

የበጀቱ መደብ የሕግ አውጪዎች ሥራ ነው። መለኪያው ግን የእኛ ነው። ማኅበራችን አንድ የወረዳ ወይም የቀበሌ ምክር ቤት አባል በሲባጎና በዘንግ ብቻ ሊለካው የሚችል፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የሕፃናት ክፍል መመዘኛ በአማርኛ ቢያዘጋጅ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። የመስኮት ደፍ፣ የደረጃ ከፍታ፣ የሰሌዳ ከፍታ፣ የመጸዳጃ ቀዳዳ ስፋት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት በር፣ የውኃ ርቀት፣ ለደጋው ብርድ የነፋስ መከላከያ፤ ከዚህ አይበልጥም። መመዘኛው በርክክብ ሰነድ ላይ ተያይዞ ካልተሟላ ፊርማ እንዳይፈረም ብናደርግ፣ የምክር ቤቱ አባል «ምን ልጠይቅ?» ብሎ አይቸገርም።

የፈረሱት ትምህርት ቤቶች አንድ ቀን መልሰው መሠራታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የሚዘረጋው ፕላን ላይ የሚጻፈውን ቁጥር የምንጽፈው እኛው ነን። ያ በመስኮቱ ሥር የቆመው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። የእርሱ ልጅ በመስኮቱ ደጁን ማየት ይችል ዘንድ ቁመቱን ቀድመን እንለካ።