ከመዝገብ የቀሩ መጻሕፍት፤ ስለ አምቦና ስለ ምዕራብ ሸዋ ከተሞች ንባብ

የመጻሕፍትን ዝርዝር አዘጋጅቶ ለአንባቢ ማቅረብ በአገራችን የትናንት ሥራ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን፥ በግዕዝና በአማርኛ ቋንቋ የተጻፉትን መጻሕፍት ቈጥረው በ1904 ዓ.ም. ካታሎጋቸውን አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደገና አወጡት። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ማለት ለአብዛኛው ሰው በደብር ዕቃ ቤት የተቀመጠ ብራና ነበረ። ምን ምን መጽሐፍ እንዳለ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከደብር ወደ ደብር እየዞረ ካህናቱን መለመን ነበረበት። ስለዚህ ያ ካታሎግ ለአንባቢ የዋለው ውለታ በቀላሉ የሚገመት አይደለም።

ነገር ግን ዝርዝር የተባለ ሁሉ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያስገባውን ሲያስታውስ ያላስገባውን ያስረሳል። እኛ ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር የምንውል ሰዎች ይህን ደኅና አድርገን እናውቀዋለን። በንብረት መዝገብ ያልገባ ወንበር ሰው ተቀምጦበት ሳለ እንኳ የለም ይባላል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ካታሎግ ከርእሱ እንደሚታየው የግዕዝንና የአማርኛን መጻሕፍት የሚመለከት ነበረ። ከዚያ አስቀድሞ ግን በኦሮምኛ የታተሙ መጻሕፍት ነበሩ። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፥ ሁለቱም ባርነትን ቀምሰው ነጻ የወጡ ሰዎች፥ በምፅዋ አጠገብ ባለችው በእምኵሉ ሆነው የኦሮምኛ ማንበቢያ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1894 አሳተሙ። ወይዘሮ አስቴር በቃል የሚነገረውን ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን ከልባቸው እያወጡ 500 ያህል ሰበሰቡ፤ ከዚሁም የተመረጠው በማንበቢያው ውስጥ ገባ። መጽሐፍ ቅዱስም በአናሲሞስ ትጋት፥ በአስቴርም ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበረ። ዛሬም በፊደል ገበታ ዳር የምናየው «ዸ» ለኦሮምኛ ድምፅ ሲባል የተበጀ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ሥራቸውን በሁለት ቋንቋ መወሰናቸውን በግልጽ ስለ ተናገሩ የሚወቀሱበት ነገር የለም። የሚያሳዝነው ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ሰው ያንን ዝርዝር የአገሪቱ ሙሉ ዝርዝር አድርጎ መውሰዱ ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ አምቦ ለመናገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ሆለታን፥ አዲስ ዓለምንና ግንጪን ካለፈ በኋላ፥ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በጉደርና በጌዶ በኩል አድርጎ ወደ ወለጋ ይቀጥላል። አምቦ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። አገር የሚያውቃት በፍል ውኃዋና በጠርሙስ ታሽጎ በሚሄደው ውኃዋ ነው። ከአምቦ የወጣውን ውኃ ያልቀመሰ እንግዳ ጥቂት ነው፤ ከአምቦና ከአካባቢዋ የወጣውን መጽሐፍ ለይቶ የሚያውቅ ግን ከተማሪዎቿም መካከል ብዙ አይመስለንም። አንባቢ ጠፍቶ አይደለም። በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ተማሪ ቤት አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኖአል። እንግዲህ አንድ የአምቦ መምህር «ልብ ወለዱንም፥ ታሪኩንም፥ አሮጌውንም፥ አዲሱንም ቀላቅላችሁ ይህን አገር የሚነኩ መጻሕፍት ምረጡልን» ቢለን ምን እንመልስለታለን?

በመንገዱ ቅደም ተከተል ብንሄድ አዲስ ዓለም ትቀድማለች። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት እየራቀ ቢያስቸግራቸው፥ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ወደዚያ ሊዛወሩ አስበው ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። በኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳናት፤ የተጀመረውም ሕንጻ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። «አዲስ ዓለም» የሚባል ልብ ወለድ መጽሐፍም አለ፤ ደራሲው እኒያው ባለካታሎጉ ኅሩይ ናቸው፤ የታተመውም በ1925 ዓ.ም. ነው። በስሙ ብቻ ተመርቶ ስለ ከተማይቱ የሚነገር መስሎት የሚገዛ ሰው ሊኖር ይችላል። መጽሐፉ የሚናገረው ግን ከአውሮፓ ተምሮ ተመልሶ ከወገኖቹ ልማድ ጋር ስለሚጋጭ አወቀ ስለሚባል ወጣት ነው። ቢሆንም ይነበብ እንላለን፤ ተምሮ ወደ አባቱ አገር የሚመለስ ልጅ ዛሬም የሚገጥመው ነገር አለበት።

የዝርዝሩ ዋና አካል የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ጸጋዬ የተወለዱት ለአምቦ ቅርብ በሆነችው በቦዳ፥ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ጠላት አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ወር አልፎት ነበር፤ አቡነ ጴጥሮስም በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ከሞቱ ገና 19 ቀን ነበር፤ እርሳቸው የሞቱት ሐምሌ 22 ቀን ነውና። ያ በመከራ ወር የተወለደ ሕፃን ከ33 ዓመት በኋላ፥ በ1961 ዓ.ም.፥ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የሚለውን ቴአትር ደረሰ። ቴአትሩ ስለ ፍቼው ተወላጅ ጳጳስ የመጨረሻ ሰዓት ይናገራል።

አባታቸው ኦሮሞ፥ እናታቸው አማራ ስለ ነበሩ ጸጋዬ በሁለቱም ቋንቋ አድገዋል፤ በቤተ ክርስቲያንም ግዕዝ ቀምሰዋል። በአምቦ ተማሪ ቤት ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ቴአትር ጽፈው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንደ ታየላቸው የሕይወት ታሪካቸው ያወሳል። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የጄኔራል ዊንጌትና የንግድ ሥራ ተማሪ ቤቶች ተማሩ፤ ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስም ሄደው የቴአትር ሥራ ተመለከቱ፤ ተመልሰው የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር መሩ። «የእሾህ አክሊል» በ1952 ዓ.ም.፥ «የከርሞ ሰው» በ1958 ዓ.ም.፥ «ሀ ሁ በስድስት ወር» በ1966 ዓ.ም. ወጡ። ኦቴሎን፥ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበሉ ገና ሠላሳ ዓመት ገደማቸው ነበር። ያረፉት በኒው ዮርክ፥ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ሲሆን፥ የተቀበሩት በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። የምንጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው። ጸጋዬ ከኦሮሞ ሥርዓት፥ ከኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ከሚሰጠው ቃል አነሣሥተው የጻፉት ቴአትር «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ይባላል፤ በአማርኛ «የኦዳ ዛፍ ንግርት» ልንለው እንችላለን። በእንግሊዝኛ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ታተመ። ሻንካ የሚባለው ሰው የበኵር ልጁ መሥዋዕት እንዲሆን ንግርት ስለ ወጣበት ሚስቱን ለመቅረብ ይፈራል፤ ከዚያ ፍርሃት የሚመጣው መዘዝ ነው ታሪኩ። እንግዲህ የኦዳው ነገር በእንግሊዝኛ፥ የጳጳሱ ነገር በአማርኛ ሲጻፍ፥ ጐረቤቱ የጻፈለትን ሁሉ ማንበብ የሚፈልግ የአምቦ ልጅ ሦስት ቋንቋ ማወቅ ሊኖርበት ነው።

በ1966 ዓ.ም. የታተመው የግጥም መድበል «እሳት ወይ አበባ» ለዚህ አገር ሰው የተለየ ነገር ይዞአል። ከግጥሞቹ አንዱ «ምነው አምቦ» ይባላል፤ ከተማይቱን በስሟ ጠርቶ የሚያነጋግር ነው። ሌላው «አዋሽ» ነው። አዋሽ የሚነሣው ከግንጪ አካባቢ ነውና፥ የግንጪ ተማሪ ግጥሙን ሲያነብ ወንዙን ሌላው ኢትዮጵያዊ በሚያየው ስፋት ሳይሆን በምንጩ ያውቀዋል። መምህራን ከዚህ መጽሐፍ ይጀምሩ የምንለው ስለዚህ ነው። ጸጋዬ ቃል ስለሚያጠብቁና ስለሚያዋልዱ ግጥማቸው ለጀማሪ ይከብዳል፤ አንድ ጊዜ ድምፅን ከፍ አድርጎ፥ አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ማንበብ ይረዳል።

ከልብ ወለድና ከግጥም ወደ እውነተኛ ታሪክ ስንሻገር የጦርነቱ መጻሕፍት ይቀርቡልናል። በሆለታ የተቋቋመው የገነት ጦር ተማሪ ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኰንኖች መምህርነት ሥራ ጀመረ። ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጦርነቱ የደረሰባቸው እጩ መኰንኖች ከፊሎቹ በኋላ ጥቁር አንበሳ በተባለው ማኅበር ተሰለፉ። የተማሪ ቤቱ አዛዥ ቪኪንግ ታም ያዩትን በስዊድንኛ ጽፈዋል፤ ይህም ለአምቦ መደርደሪያ አራተኛ ቋንቋ መሆኑ ነው። በአማርኛ ታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው» ብለው በ1960 ዓ.ም. ያሳተሙት የአርበኞች ታሪክ አለ። ከቅርቡ ደግሞ ፍቅረ ማርቆስ ደስታ ስለ ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ የጻፉት «የበጋው መብረቅ» ይገኛል። ጃገማ በ1913 ዓ.ም. በደንዲ፥ ለግንጪ ቅርብ በሆነች ስፍራ ተወልደው በ15 ዓመታቸው ጫካ ገቡ፤ በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ይህን መጽሐፍ ተማሪ ያለ አስገዳጅ እስከ መጨረሻው ያነበዋል ብለን እናምናለን። በዕድሜው የሚመስለው ልጅ በሚያውቀው ኰረብታ ላይ ሲዋጋ ያይበታልና።

ለባለሥልጣንና ለመምህር የሚሆን ከበድ ያለ መጽሐፍ ቢፈለግ፥ ስዊድናዊው ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በመጫ ኦሮሞ ዘንድ ስላለው የቃሉ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ጥናት አለ። የውጭ አገር ሰው የጻፈው ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ የተጠየቀ ነገር በኋላ በማንም ሊጠየቅ አይችልም። ይሁን እንጂ የሽማግሌዎቹ የልጅ ልጆች በቋንቋቸው ሊያነቡት አለመቻላቸው ያንገበግበናል። ትርጕም የሚሻ መጽሐፍ ቢኖር ይህ ነው።

በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ በቋንቋው አዲስ ልብ ወለድ ተነሥቶአል። ዳባ ወዬሳ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት «ጎዳኒሳ» ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ የስሙ ትርጕም ጠባሳ ማለት ነው። ከ«እሳት ወይ አበባ» እስከ «ጎዳኒሳ» ያለው ጊዜ 18 ዓመት ብቻ ሲሆን፥ በአንባቢዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ግን ከዓመቱ ይልቃል። አንዱን የሚያነብ ሰው ሁለተኛው መኖሩን እንኳ ላይሰማ ይችላል፤ በአንድ ዝርዝር ላይ ተጽፈው አይገኙምና።

ስለዚህ መምህሩ ለጠየቀን ዝርዝር አንድ ነገር እንጨምራለን። በመጽሐፉ ስምና በደራሲው አጠገብ ቋንቋውና ፊደሉ ይጻፍ፤ መደርደሪያው ግን በቋንቋ አይከፈል። የጸጋዬ የአማርኛ ግጥም፥ የእንግሊዝኛው የኦዳ ቴአትር፥ የጃገማ ታሪክና «ጎዳኒሳ» ጐን ለጐን ይቁሙ። በራሱ ላይ ደግሞ የአናሲሞስና የአስቴር ማንበቢያ ይቀመጥ። ያ መጽሐፍ ቋንቋው ኦሮምኛ፥ ፊደሉ ግዕዝ ስለሆነ፥ በቁቤ የተማረውን የአምቦ ተማሪ ፊደሉ ያዘገየዋል፤ ከአዲስ አበባ የመጣውን ጓደኛውን ቋንቋው ያቆመዋል። ሁለቱ በአንድ አግዳሚ ወንበር ቢቀመጡ ግን አንዱ ፊደሉን እየጠራ፥ ሌላው ተረቱን እየሰማና እየተረጐመ፥ መጽሐፉን ሊጨርሱት ይችላሉ።