«የእባብ መድኃኒት» የሚባሉ ተክሎች እንዴት ይፈተናሉ?

የዛሬው ርዕስ በስደት ለምንኖር ሩቅ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ቆላ ወርዶ እርሻ ላይ የሚውል ወንድም ወይም ዘመድ ያለን ስንቶቻችን ነን? እባብ ሲነድፍ ቀድሞ የሚጠራው ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ የሚያክመው የባህል መድኃኒት አዋቂ ነው። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ፍተሻ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ «እነዚህ ተክሎች ተፈትነዋል ወይ?» ብዬ ማታ ማታ ያነበብኩትን እነሆ።

የጉዳዩ ክብደት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ። መርዝ የሚገባባቸው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱት ይሞታሉ። በአገራችን በአብዱራፊ አካባቢ ለሰሊጥ እርሻ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ከተጠቂዎቹ መካከል ናቸው።

ቁጥሩን ልብ በሉ። ከተነደፉት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት መርዝ አልገባባቸውም። እንዲህ ያለው ሰው ማንኛውንም ቅጠል ቢጠጣ ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሆናል። ስለዚህ «እገሌ ጠጥቶ ዳነ» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ፍተሻው

1. መጀመሪያ መርዙ በአይጦች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በመጠን ይለካል።
2. ቀጥሎ መርዙና የተክሉ ጭማቂ በብልቃጥ ተቀላቅለው ከቆዩ በኋላ አይጧ ትወጋለች።
3. በመጨረሻ መርዙ ለብቻው ይወጋና ተክሉ በኋላ ይሰጣል።

በሰው ላይ የሚደርሰውን የሚመስለው ሦስተኛው ነው። ብዙ ጥናቶች ግን ሁለተኛው ላይ ይቆማሉ። የእባብ መርዝ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። በብዙ ተክሎች ውስጥ የሚገኘው ታኒን ደግሞ ፕሮቲንን ይዞ ያረጋል፤ ቆዳ የሚለፋውም በዚሁ ነው። በብልቃጥ ውስጥ መርዙን ያከሽፈዋል። በሰውነት ውስጥ ግን መርዙ ሥጋና ደም ውስጥ ገብቷል፤ ቅጠሉ ያለው ጨጓራ ውስጥ ነው። የድልድይ ምሰሶን መሬት ላይ አጋድሞ «ጭነት ይችላል» የሚል መሐንዲስ የለም።

የኮሎምቢያው ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኮሎምቢያ የባህል ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸውን 75 የተክል ጭማቂዎች ቦትሮፕስ በተባለው እባብ መርዝ ላይ ፈትኗል። ከመርዙ ጋር አስቀድመው ሲቀላቀሉ 12ቱ መርዙ የሚያስከትለውን ደም መፍሰስ ሙሉ በሙሉ አስቁመዋል። ለየብቻ ሲሰጡ ግን፣ በአፍም ሆነ በመርፌ፣ የሁሉም ኃይል ከ25 በመቶ በታች ወረደ።

ይህን የምለው የአባቶችን ዕውቀት ለማጣጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በህንድ የማይሶር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እኛ ግዛዋ ከምንለው ተክል ያወጡት ፕሮቲን በኮብራ መርዝ ውስጥ ያለ አንድ ጎጂ ኢንዛይም እንደሚያግድ አሳይተዋል። ይህ ለምርምር መነሻ ነው፤ ለተነደፈ ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ግን አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የተረጋገጠው ሕክምና ከ1890ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት፣ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ከተወጋ ፈረስ ደም የሚዘጋጀውና በደም ሥር የሚሰጠው የመርዝ ማርከሻ ነው። ችግሩ ውድና እጥረት ያለበት መሆኑ ነው። ለአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረው ፋቭ አፍሪክ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ቆሟል። የገጠሩ ሰው ወደ መድኃኒት አዋቂው የሚሄደው ስላላወቀ ብቻ አይደለም፤ ደጃፉ ቅርብ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ወደ አገር ቤት ስትደውሉ ሁለት ነገር ተናገሩ። አንደኛ፣ የተነደፈውን ቦታ መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይቅር፤ እግሩ ወይም እጁ ሳይንቀሳቀስ ሰውየውን ተሸክሞ ወደ ሕክምና መገስገስ ነው። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ማርከሻ ያለው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ከአጨዳ በፊት ይጠይቁ። እባብ ከነደፈ በኋላ መጠያየቅ ጊዜ ይበላል።

ቸር ይግጠመን።