የስድስት ኪሎ ግቢ፦ ከሙዚየሙ በፊት

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ዛፎቹን ግራና ቀኝ እያለፈ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገሰግሳል። የንጉሡን መኝታ ቤት አይቶ፣ ስለ መታጠቢያ ክፍሉ ተደንቆ ይመለሳል። እኔ ግን የእረፍት ቀኑን እዚህ ለሚያሳልፍ ሰው የምመክረው ወደ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት ግቢውን ረጋ ብሎ እንዲዞር ነው። ዛሬ ሙዚየሙ ያለበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ትልቁ ታሪክ የተፈጸመው ደጅ ነውና።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤቱን አሠርተው ብዙም ሳይኖሩበት ጣሊያን ገባ፤ የንጉሡ መኖሪያም የጣሊያኑ እንደራሴ የግራዚያኒ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ግራዚያኒ የናፖሊ ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ ለከተማው ድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ወደዚህ ጠራቸው። አሮጊቱም፣ ዓይነ ስውሩም፣ ልጅ ያዘለችውም መጣ። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ሹማምንቱ ወደተሰበሰቡበት ወደ ቤቱ ደረጃ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታ እግሩን አጣ፤ አቡነ ቄርሎስም ተጎዱ። የጣሊያን ወታደሮች ግን ጥይታቸውን ያዘነቡት ምጽዋት ሊቀበል በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ነበር። ፍጅቱ ከግቢው ወጥቶ ከተማውን ለሦስት ቀን አነደደ። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ ላይ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል። የካቲት 12 በተነሣ ቁጥር የሁለቱ ወጣቶች ስም ይቀድማል፤ ይገባቸዋልም። እዚህ ሣር ላይ ሲቆም ግን ቀድሞ የሚታሰበው ስሙ ያልተመዘገበው ድሃ ነው።

ከቤቱ ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። እየተጠማዘዘ ይወጣና ሰማይ ላይ ያልቃል። ያቆሙት ፋሽስቶች ናቸው፤ ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ላለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ቆጥረው። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አንበሳው ትንሽ ነው፤ ከሩቅ ያየው ልብ ላይለው ይችላል። ማፍረስ ቀላል ነበር። ሳያፈርሱ ከላይ መቀመጥ ግን የባሰ ስድብ ነው፤ የዚህን ሐሳብ ባለቤት ባገኘው እጅ እነሣው ነበር። ዛሬ ተመራቂዎች ጋዋናቸውን ለብሰው ፎቶ የሚነሡት እዚሁ አካባቢ ነው፤ ስንቱ እርከኖቹ የማን ዓመታት እንደሆኑ ያውቅ ይሆን?

ወደ ውስጥ የሚገባም ሰው ከደም ታሪክ አያመልጥም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ሳሉ የነዋይ ልጆች፣ መንግሥቱና ግርማሜ፣ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ አግተዋቸው የነበሩት መኳንንትና ሹማምንት እዚሁ ቤት፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ግቢው የሚማሩበት ነውና በር ላይ መታወቂያ ቢጠየቁ አይቀየሙ። ሲወጡ ደግሞ አደባባዩ ላይ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ከታክሲ መስኮት ሳይሆን በእግር ቀርበው ይዩት፤ ፍጅቱን የሚያሳዩት ቅርጾች ከሩቅ አይነበቡም።