በአንድ መሥመር ላይ ብዙ ልሳን

በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚለይበት ሥፍራ የተቀመጠችው ባሕር ዳር፣ ከገዳማቷና ከታንኳዎቿ ጎን የማሽንን ድምፅ አዘውትራ መስማት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1961 ከኢጣሊያ በተገኘው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲቋቋምላት፣ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ረድኤት የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ሲከፈትላት፣ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 11.4 ሜጋ ዋት ማመንጨት ሲጀምርላት ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፋብሪካ ሲተከል አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መለኪያ የየራሱን ሽቦ ይዞ እስከ መቈጣጠሪያው ክፍል ይዘልቅ ስለ ነበር፣ መሣሪያው በበዛ ቍጥር ወጪውና የጥገናው ድካም አብሮ ይበዛ ነበር፤ ስለዚህም የመሐንዲሶች ምኞት ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ መሥመር አሰልፎ ቃላቸውን ቢት በቢት ማስተላለፍ ሆነ።

በ1960 በአሜሪካ የወጣው አርኤስ 232 ለዚህ ምኞት አልተፈጠረም፤ የመልእክት መሣሪያን ከሞደም ለማገናኘት የተደነገገ እንደ መሆኑ አንዱን ከአንዱ ጋር ብቻ ያነጋግራል፣ ርቀቱም በተለመደው አሠራር ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በ1983 የተከተለው አርኤስ 485 ግን በጥንድ ሽቦ ተቃራኒ ምልክት እየላከ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ፣ ከሞተሮች የሚመጣው ሁከት ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ሲነካቸው ተጣፍቶ ይቀራል፤ በዚህም ጥበብ 32 መሣሪያዎችን እስከ 1,200 ሜትር በሚደርስ መሥመር ማሰለፍ ተቻለ።

ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ድምፅን እንጂ ተራን አልሠራም፤ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚናገር የሚደነግገው ሌላ ሥርዓት ነው። ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ በ1979 ያወጣው ሞድባስ ሥልጣኑን ለአንድ አለቃ ሰጠው፤ በማኅሌት መሪጌታው ሳይመራ ሊቃውንቱ እንደማይቀበሉ ሁሉ፣ ከ1 እስከ 247 ቍጥር የታደላቸው መሣሪያዎችም በየቍጥራቸው ካልተጠሩ አይመልሱም። ጥቅሙ በመሥመሩ ላይ ግጭት አለመኖሩ፣ ጉዳቱም አለቃው ዝም ያለ ዕለት ሁሉም ዲዳ መሆናቸው ነው። የጀርመኑ ቦሽ በ1986 ያስተዋወቀው ካን ለሁሉም አንደበት ፈቀደ፤ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ቅጽበት ቢጀምሩ የመልእክቱ መለያ ቍጥር ያነሰው ሳይቋረጥ ይቀጥላል፣ ሌላው ታግሦ ይጠብቃል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቢት ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድነት መሰማት ስላለበት፣ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ቢት የሚተላለፍበት መሥመር ከ40 ሜትር ገደማ አይበልጥም፤ ማደሪያውም በተለይ አውቶሞቢል ሆነ።

ዛሬ የጣና ውኃ በ1996 በተፈጸመው የጨራጨራ መገደቢያ በኩል ወደ ጢስ ዓባይ፣ በዋሻ በኩል ደግሞ በ2010 ተመርቆ 460 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ጣና በለስ ይከፈላል። የሐይቅ ከፍታ በቀስታ የሚለዋወጥ ነውና፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለሚለካ መሣሪያ ዘገምተኛው ሞድባስ በአርኤስ 485 ላይ ሆኖ ይበቃዋል። ተርባይንን ከአደጋ የሚያቆመው መሣሪያ ግን ተራው እስኪደርስ መጠበቅ ስለማይገባው፣ ዛሬም በብዙ ቦታ የየራሱ ሽቦ ይዘረጋለታል። እንግዲህ ከእነዚህ ሥርዓታት አንዱ ሌላውን ፈጽሞ አልሻረም፤ የሚመርጥም ሰው ስለ አዲስነታቸው ከመጠየቁ በፊት የማን መዘግየት ጉዳት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ይመርምር።