ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ የአሜሪካ መኪኖች እድሳት በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን

በሻርጃ ሙዚየሞች ባለሥልጣን ሥር የሚተዳደረውና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የሻርጃ ጥንታዊ መኪኖች ሙዚየም አንድ መቶ ገደማ መኪኖችን ይዟል። ከመካከላቸው ቀደምቶቹ ሲሠሩ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ መኪና ገና ብርቅ ነበር። ሻርጃ የመጀመሪያውን የአውሮፕላን ማረፊያ ያገኘችው በ1932 ሲሆን፣ ሥፍራው ዛሬ አል መሐጣ ሙዚየም ሆኗል። በሰብሳቢዎች እጅ የሚገኙት የዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪኖችም በአብዛኛው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመርከብ ተጭነው የመጡ ናቸው። እድሳታቸውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ መኪኖቹ ሲሠሩ የዚህ አካባቢ የአየር ጠባይ በሠሪዎቻቸው ሐሳብ አልነበረም።

በሰሜን አሜሪካ የአሮጌ መኪና ዋነኛ ጠላት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው ነው፤ ሻንሲውን ከሥር ይበላዋል። በዱባይና በአጅማን ጨው የሚመጣው ከባሕሩ እርጥብ አየር ጋር ሲሆን፣ የሚያርፈውም በላሜራው መጋጠሚያ፣ በመብራት ቤቶችና በበር ውስጥ ነው። ከዚህ የባሰ የሚጎዳው ግን እንጨቱ ነው። እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ የበርካታ አሜሪካውያን ፋብሪካዎች ቦዲ በእንጨት አጽም ላይ የተወጠረ ላሜራ ነበር። እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፣ በሩም አልገጥም ይላል። መኪናውን ቀዝቃዛ አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል አስቀምጦ በነሐሴ ቀትር ወደ ውጭ ማውጣት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ያስይዛል። ስለዚህ ክፍሉን እጅግ ከማቀዝቀዝ ይልቅ የሙቀቱንና የእርጥበቱን መጠን ሳያለዋውጡ ማቆየት ይበልጣል።

ሙቀት ሲነሣ የፎርድ ቪ8 ሞተር ተለይቶ ይጠቀሳል። ይህ በ1932 ለገበያ የቀረበ፣ 3.6 ሊትር ይዘትና 65 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ስምንት ሲሊንደርን በርካሽ ዋጋ ለተራው ገዢ አቅርቧል። ሆኖም የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣው በሞተሩ አካል ውስጥ፣ በማቀዝቀዣው ውኃ መካከል አልፎ በመሆኑ ውኃው ያለማቋረጥ ይሞቃል። ብዙ ባለንብረቶች በመጀመሪያ የሚያስቡት ዘመናዊ ራዲያተርና የኤሌክትሪክ ማራገቢያ መግጠም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ሲሊንደሮቹ ዙሪያ በተከማቸው ዝገትና ከፋብሪካ በቀረ የማቅለጫ አሸዋ ውስጥ ነው። ቴስታታዎቹ ተነሥተው የውኃው መተላለፊያ ከተጠረገ፣ ራዲያተሩም ተፈትቶ ከታጠበ፣ ሞተሩ በክረምቱ ወራት ያለ ተጨማሪ ዕቃ ሊሠራ ይችላል። ንጹሕ የተጣራ ውኃና ዝገት ተከላካይ ፈሳሽም የግድ ነው፤ የቧንቧ ውኃ ዝቃጭ ይተዋል።

የሞተሩ ማንነት ሌላ ጉዳይ ነው። ከ1927 መጨረሻ እስከ 1931 በተመረተው የፎርድ ሞዴል ኤ ላይ የሞተሩ ቁጥር የመኪናውም መለያ ነበር፤ ያው ቁጥር ከቦዲው ሥር በሻንሲው ላይ ተቀርጿል። ሞተሩን በሌላ የለወጠ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለያይቷል፤ ያንን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ያረጀ ኩሽኔታ ምንም እንኳ ለሥራ ቢያስቸግር ሞተሩን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። በዚያ ዘመን ኩሽኔታው ተለይቶ የሚገጠም ሳይሆን ቀልጦ በቦታው የሚፈስስና ከዚያ በልኩ የሚሞረድ ለስላሳ ቅይጥ ብረት ነበር። ይህን ሙያ የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ከመለዋወጫ ፍለጋ ይከብዳል። የሞዴል ኤ ሞተር የዘይት ማጣሪያ ስለሌለውም ፋብሪካው በየ500 ማይሉ፣ ማለትም በየ800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዘይት እንዲቀየር ያዝዝ ነበር።

በኤሌክትሪክ በኩል የሚፈጸመው ስሕተት ቀላል ቢመስልም ውድ ነው። የሞዴል ኤ ባትሪ ስድስት ቮልት ሲሆን፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩ ነው። የዛሬ መኪና የለመደ መካኒክ ግን ኔጌቲቩን ያያይዛል፤ ዲናሞውም ሊጎዳ ይችላል። ሞተሩ በሙቀት ሰዓት አልነሣ ሲል ወደ 12 ቮልት መቀየር የተለመደ መፍትሔ ነው። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ግን በቀጭን ገመድና በዛገ መጋጠሚያ ላይ ቢያርፍ ይሻላል፤ ስድስት ቮልት ወፍራም ገመድ ይፈልጋል።

ሥራው የሚከናወንባቸው ጋራዦች በዱባይ አል ቁዝ፣ በሻርጃ የኢንዱስትሪ ቀጣናዎችና በአጅማን አል ጁርፍ ባሉ አካባቢዎች ይገኛሉ። ሦስቱ ከተሞች የተጣበቁ በመሆናቸው አንድ መኪና በአንዱ ከተማ ተፈትቶ፣ በሁለተኛው ተቀጥቅጦ፣ በሦስተኛው ሊቀባ ይችላል። በጋራዦቹ የሚነገረው ቋንቋ ብዙ ነው። የኢትዮጵያ መካኒክ ከጣሊያንኛ ወስዶ ካንዴላ የሚለውን ዕቃ ግብፃዊው ከፈረንሳይኛ ወስዶ ቡጂ ይለዋል፤ መደበኛው ዐረብኛ ደግሞ በሻማ ይጠራዋል። የሦስቱም ስም መነሻ ሻማ ነው፤ የባሕረ ሰላጤው ሰው ግን ከእንግሊዝኛው ወስዶ ፕላግ ይላል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ ማንሣት፣ ቁጥር ማሰርና ብሎኑን በየከረጢቱ መለየት አለመግባባትን ያስቀራል።

የፎርድ ሞዴል ቲ እና ሞዴል ኤ መለዋወጫ ዛሬም በአዲስ ይመረታል። ሞዴል ቲ ብቻውን ከ15 ሚሊዮን በላይ ስለተሠራ ገበያው አልጠፋም። እንደ ፒርስ አሮውና ላሳል ባሉት፣ ፋብሪካቸው በተዘጋ ወይም ምርታቸው በ1940 በቆመ መኪኖች ላይ ግን የጎደለውን ዕቃ በሞዴሉ ልክ ቀርጾ ማሠራት የተለመደ ነው።

መኪናው ከታደሰ በኋላ ለመንዳት የሚመቹት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያሉት ወራት ናቸው። የሞዴል ኤ ፍሬን በብረት ዘንግ የሚሳብ ሲሆን፣ በዱባይ ሰፋፊ መንገዶች ከሚከተለው መኪና ጋር እኩል አይቆምም፤ ስለዚህ ርቀት መጠበቅ ያስፈልጋል። በበጋ ለሚቆም መኪና ባትሪው ይነቀላል፣ የሰልባቲዮው ቤንዚን ይወርዳል፣ ጎማዎቹም ከወለሉ ተነሥተው በሻንሲው ሥር ድጋፍ ይደረግለታል። ጎማው ጥርሱ ሳይበላ ጎኑ ከተሰነጣጠቀ መለወጥ ይኖርበታል፤ በዚህ ሙቀት ያ የሚታየው ከተለመደው ቀደም ብሎ ነው።